በፌስታል የመጣው ገረባ

እናትየው ገና ሳይቀመጡ ከነጠላቸው ሥር ጥቁር ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ቋጠሮውን ፈቱት። ውስጡ ደርቆ የተጨማደደ የጫት ገረባ፣ የለውዝ ልጣጭ የተጠቀለለበት የደብተር ወረቀትና ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ነበር። ከልጃቸው ፍራሽ ሥርና ከመኝታ ቤቱ ጥግ ለሦስት ሳምንት ሲያጠራቅሙት የቆዩት ማስረጃ መሆኑ ነው። «ሲስተር፣ እንዳይክደኝ ብዬ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ አልነቀለም። 17 ዓመቱ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ እስከ ዛሬ ማሙሽ ስለሚሉት እኔም በዚህ ጽሑፍ ማሙሽ እለዋለሁ፤ ማንነቱን ሊያሳውቁ የሚችሉ ሌሎች ነገሮችን ግን ሆን ብዬ ቀያይሬያለሁ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 12 ዓመት አልፎኛል፤ ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት አብዛኛውን ጊዜ ከወጣቶች ጋር ነው። ወላጆች ወደ እኔ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ የማሙሽ እናትም ያንኑ ጠየቁኝ። «አንድ ወር ወይ ሁለት ወር ያዙልኝና ንጹሕ ሆኖ ይመለስልኝ።» ልጁ የተበላሸ ዕቃ ነው፣ ሕክምናው ጥገና ነው፣ ቤቱ ደግሞ ዕቃው ተጠግኖ እስኪመለስ የሚጠብቅ ቦታ ነው ማለት ነው። እናትየውን አልወቅሳቸውም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የልጃቸውን ክፍል በር እያዳመጡ ያደሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን ይህ ጥያቄ እንደ ቀረበ ቢመለስ ልጁን ከመርዳት ይልቅ ሊጎዳው እንደሚችል የተማርኩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ወደዚያው እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን «ሱስ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በፍራሽ ሥር ገረባ የተገኘበት ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም፤ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር በርጫ የተቀመጠ ልጅም ሱሰኛ አይባልም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣውና እኛም በምንጠቀምበት መመሪያ መሠረት 11 መለኪያዎች አሉ። ካሰበው በላይ መውሰድ፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ብዙ ጊዜን በፍለጋውና በመጠቀሙ ላይ ማጥፋት፣ ሐራራ፣ ትምህርትን ወይም የቤት ኃላፊነትን ማጓደል፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ12 ወር ጊዜ ውስጥ 2 ወይም 3 የታየበት ሰው ችግሩ ቀላል፣ 4 ወይም 5 የታየበት መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ የታየበት ደግሞ ከባድ ይባላል። ለወላጆች ይህን የምነግራቸው ቁጥር ለማስቆጠር ሳይሆን፣ «ሱሰኛ ነው» እና «ሱሰኛ አይደለም» ከሚሉት ሁለት ቃላት ሌላ በመካከል ሰፊ ቦታ እንዳለ እንዲያዩ ነው። ልጆች በአብዛኛው የሚመጡልን ከዚያ ከመካከሉ ቦታ ስለሆነ፣ ሕክምናውም «ከባድ» የሚባለው ደረጃ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ እናትየውን በትሕትና አስወጥቼ ከማሙሽ ጋር ብቻችንን ቀረን። ከመጠየቄ በፊት የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ እሱም እዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገረው እዚሁ እንደሚቀር፣ ነገር ግን ሕይወቱን ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሰማሁ ዝም እንደማልል፣ ያን ጊዜም መጀመሪያ ለእሱ ነግሬ ከዚያ በኋላ ለወላጆቹ እንደምናገር ነው። ይህን በግልጽ ሳይነግሩ ጥያቄ መጀመር ከንቱ ድካም ነው። ልጅ እናቱ በር ላይ ቆማ እየሰማች እንደሆነ ካሰበ የሚመልሰው የእናቱን መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የተዘጋጁትንና ክራፍት የሚባሉትን ስድስት ጥያቄዎች በእኛ ቋንቋና በእኛ አኗኗር እጠይቃለሁ። ጠጥቶ ወይም ሌላ ነገር ወስዶ የሚነዳ ሰው መኪና ላይ ተሳፍረህ ታውቃለህ፣ ወይም ራስህ እንደዚያ ሆነህ ነድተሃል? (ለእኛ ልጆች ባጃጅና ሞተር እጨምርበታለሁ።) ዘና ለማለት ወይም ከሰው ጋር ለመመሳሰል ብለህ ትጠቀማለህ? ብቻህን ሆነህስ? ያደረግኸውን ነገር የረሳህበት ጊዜ አለ? ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ቀንስ ብሎህ ያውቃል? በዚህ ምክንያት ችግር ውስጥ ገብተሃል? ከስድስቱ ሁለቱን «አዎ» ያለ ልጅ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ማሙሽ አራቱን «አዎ» አለ። «ብቻህን ሆነህስ?» ስለው ግን ትንሽ ቆየና፣ «ሲስተር፣ እኔ እኮ የምቅመው ብቻዬን ነው። ለማጥናት ነው የጀመርኩት» አለኝ።

በእኔ ግምት እውነተኛው ሕክምና የጀመረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ልጁ ጫቱን ስለ መጥፎነቱ አይቅመውም፤ የሚሰጠው ነገር ስላለ ነው የሚቅመው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «ተው» ማለት የማያዋጣ ምክር ነው። ባዶ ወረቀት አምጥቼ ያለፈውን ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት በሰዓት እንድንጽፈው ጠየቅሁት። ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ይወጣል። 10 ሰዓት ላይ ቤት ይደርሳል። መጽሐፉን ይከፍታል፤ ገጹ ላይ ፊደሉ ይታየዋል እንጂ አይገባውም። ባለፈው ሴሚስተር በሒሳብ ያመጣው ውጤትና የአስተማሪው ፊት ይመጣበታል፤ ልቡ ይመታል። ያን ጊዜ ጫቱን ያወጣል። ምርቃናው ሲመጣ ለሁለት ሰዓት ያህል ዓለም ሁሉ የተፈታ ሒሳብ ይመስለዋል፤ ሲያልፍ ደግሞ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል። እንቅልፍ አይመጣም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ እሱ እንዳለው «ለመስበር»፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ የደበቀውን አረቄ ሁለት መለኪያ ይጠጣል። ጠዋት አይነሣም፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል። ያለፈው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ነው።

ወረቀቱን ሲያየው ራሱ ሳቀ። ለሒሳብ ብሎ የጀመረው ነገር ሒሳቡን እየበላበት ነበር። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ያየሁት ከዚህ ሌላ ነገር ነበር፤ ጨብሲው፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ፣ ገና ከአሁኑ ገብቷል፣ እሱም ለወደፊቱ ከጫቱ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ከዚህም በላይ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከጫቱ መጀመር የግድ አልነበረም። በ10 ሰዓት መጽሐፍ ሲከፈት የሚመጣው ፍርሃት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ልጆች ይዘውት በሚመጡት ሱስ ሥር ብዙ ጊዜ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ያልታወቀ የትኩረት ማነስ ችግር ወይም የደረሰባቸው ጥቃት ይኖራል። ይህን ሳይመረምሩ ሱሱን ብቻ ማከም ጭሱን አባሮ እሳቱን መተው ነው።

ስለ ጫቱ ራሱ ጥቂት ልበል። የሚያነቃቃው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደከመው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውሃ እየተረጨበት፣ በፍጥነት ወደ ገበያ ይሮጣል። ሲቋረጥ የሚመጣው ስሜት እንደ አልኮል መቋረጥ ሕይወትን የሚያሰጋ አይደለም፤ ድካም፣ ብዙ መተኛት፣ መነጫነጭ፣ ሐዘንና ሌሊት ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት ቅዠት ነው። ይህን አስቀድሜ ለልጁም ለእናቱም ነገርኳቸው፤ ምክንያቱም ዱካክ ሲይዘው ያልተነገረው ቤተሰብ «ልጄ አበደ» ብሎ ይደነግጣል፣ ልጁም ከቅዠቱ ለመሸሽ ተመልሶ ይቅማል። የወጣቱ አንጎልም ገና በሥራ ላይ ነው፤ ነገሮችን አመዛዝኖ «ቆይ» የሚለው የፊተኛው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቆያል፣ ደስታን የሚፈልገው ክፍል ግን ቀድሞ ደርሷል። ለዚህ ነው 17 ዓመት የሆነውን ልጅ «አስብ እንጂ» ብሎ መገሠጽ ብዙ የማይጠቅመው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ማሙሽ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። «ፌስታሉ ውስጥ ያለው ግማሹ እኮ የአባባ ነው።» አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ በጅቡቲ መስመር ይመላለሳሉ፣ ቤት ሲሆኑም ይቅማሉ። ከሰፈሩ ጫት ቤት ገዝቶ የሚያመጣላቸው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ማሙሽ ነው፤ እሳቸው የተዉትን ገረባ ሰብስቦ መቅመስ የጀመረውም ያኔ ነው። እናትየው ይህን አያውቁም ነበር ለማለት ያስቸግራል። ያውቁታል፤ ግን ያ «የአባት ጫት» ነው፣ ይህ ደግሞ «የልጅ ሱስ» ነው፣ ሁለቱ በአእምሯቸው ተገናኝተው አያውቁም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጋንጃ ያጨሳል ተብሎ መጣ። ቤተሰቡ ለመነኝ፤ እኔም የልጁን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ጭንቀት ለማስታገስ ስል ወደ አንድ የአዋቂዎች ማገገሚያ እንዲገባ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጁ ክፍል የተጋራው ዕድሜያቸው 30 እና 40 ከሆነ ወንዶች ጋር ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲወጣ ጋንጃውን ትቷል፤ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ግን ለምዷል፤ የት እንደሚገኝ፣ ከምን ጋር ሲወሰድ «እንደሚሠራ»፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት በቃሉ ይዞ ነበር የወጣው። ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ልጁ የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። «እነሱ የሃያ ዓመት ታሪክ አላቸው፤ እኔ የማወራው ስላልነበረኝ ጨምሬ አወራሁ» አለኝ። ራሱን እንደ ሱሰኛ ማየት የተማረው እኔ በላክሁት ቤት ውስጥ ነው።

በኋላ ሳነብ ይህ የእኔ ልጅ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ቶማስ ዲሺየን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ፣ ችግር ያለባቸውን ወጣቶች በአንድ ላይ ሰብስቦ ማስተማር ለአንዳንዶቹ ማጨስንና ጥፋትን እንደጨመረባቸው አሳይተዋል። ልጆቹ እርስ በርስ የሚሳሳቁት በየትኛው ወሬ እንደሆነ መመልከት በቂ ነበር፤ ስለ ጥፋት የሚነገር ወሬ ሳቅ ካገኘ፣ ሳቁ ራሱ ማስተማሪያ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ የቡድን ሕክምና ሁሉ ለወጣቶች ጎጂ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በሚገባ የሠለጠነ ሰው የሚመራቸው፣ የዕድሜ እኩዮች ብቻ የሚገኙባቸው ቡድኖች የጠቀሙባቸው ጥናቶችም አሉ። ዋናው ነገር ማን ከማን ጋር፣ በማን መሪነት ይቀመጣል የሚለው ነው። እኔ ያን ጊዜ ይህን አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ለማሙሽ እናት «አላስተኛውም» አልኳቸው፤ ቅር አላቸው። በምትኩ የጠየቅኋቸው ባለቤታቸውን ይዘው እንዲመጡ ነው። ለመምጣት አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሲመጡም ቁልፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ሲስተር፣ እኔ የምቅመው መሪ ላይ ስለምቀመጥ ነው። እሱ ምን ሆኖ?» አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ያን ሰዓት ከአባት ጋር ስለ ጫት ጉዳት መከራከር ማለት ዳግመኛ እንዳይመጡ ማድረግ ነበር። ዊልያም ሚለር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጠጪዎች ጋር በነበራቸው ሥራ ተነሥተው የጻፉት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ሰውን ለመለወጥ በተከራከርነው ቁጥር እሱ ያለመለወጡን ምክንያት ጮክ ብሎ ይናገራል፣ በተናገረውም መጠን ያምንበታል። ስለዚህ አልተከራከርኩም። «እርስዎ ይተዉ አላልኩም፤ ልጅዎ ከእርስዎ የተለየ ሕይወት እንዲኖረው የሚፈልጉት ለምንድን ነው?» ብቻ አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ለሚስታቸውም ነግረዋቸው የማያውቁትን፣ ከሁለት ዓመት በፊት አዋሽ አካባቢ ለሁለት ቀን ሳይተኙ እየነዱ ከመንገድ ወጥተው እንደነበር ተናገሩ። ማሙሽ አንገቱን ቀና አደረገ።

ከዚያ ስብሰባ የወጣው ስምምነት ትልቅ ነገር አይመስልም። አባት ቤት ውስጥ አይቅሙም፤ ልጁን ለጫት አይልኩም፤ ገረባ በቤት ውስጥ አይቀመጥም። እናት ፍራሽ መፈተሽ ያቆማሉ። እራት አንድ ሰዓት ላይ፣ አባት ካሉ ከአባት ጋር፣ በአንድ ትሪ ይበላል። ማሙሽ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚያጠናው ከክፍሉ ወጥቶ ሳሎን፣ ወይም ከአንድ ጎረቤት ተማሪ ጋር ነው። በዩታ እና በማያሚ የተጀመሩትና በብዙ አገሮች የተሞከሩት የቤተሰብ ሕክምና ዘዴዎች በረቀቀ ቋንቋ የሚሉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ልጁን ብቻውን ሳይሆን ልጁ የሚኖርበትን የዕለት ተዕለት ግንኙነት ማከም። እኛ አገር ለዚህ የሚጠቅም ነገር አለን፤ አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ የልጁ ጉዳይ ያገባኛል ይላሉ። በአንጻሩ ያው «ያገባኛል» የሚለው ሁሉ ምክር፣ ቁጣና ዱላ ይዞ ሲመጣ ልጁ መጠጊያ ያጣል። አንድ ሰው ብቻ፣ ልጁ ራሱ የመረጠው፣ ቢመደብ ይሻላል። ማሙሽ ታላቅ እኅቱን መረጠ።

ሽልማትም አለ። ልጁ የተስማማነውን በፈጸመበት ሳምንት ትንሽ ነገር ያገኛል፤ የሞባይል ካርድ፣ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ መሄጃ ገንዘብ። አባቱ «ግዴታውን ስለተወጣ ይከፈለው?» ብለው ተቃውመው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ጫቱ ወዲያውኑ ይከፍለዋል፣ ትምህርቱ ግን ከዓመት በኋላ ነው የሚከፍለው የሚል ነበር፤ እስከዚያ ድረስ መሐል ላይ የሚያቆመው ድልድይ ያስፈልገዋል። ይህ ዘዴ በተለይ ለአነቃቂ ነገሮች ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሽንት ምርመራ ይጠይቁኛል። በየፋርማሲው የሚሸጠው የተለመደው መመርመሪያ ጫትን ለይቶ አያሳይም፤ ጋንጃ ደግሞ አዘውትሮ በሚያጨስ ልጅ ሽንት ውስጥ ካቆመም በኋላ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንዱን በሐሰት ነጻ ያወጣል፣ ሌላውን በእውነት እያቆመ ሳለ ውሸታም ያሰኘዋል። ልጁ ሳይስማማ በድብቅ የሚደረግ ምርመራ ከዚህም የከፋ ነው።

«መድኃኒት የለውም ወይ?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም። ለጫትና ለጋንጃ ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ለአልኮል የሚሰጡት መድኃኒቶች የተፈቀዱት ለአዋቂዎች ነው። ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ላሉ የሕመም ማስታገሻዎችና ለሄሮይን) ሱስ የሚሰጠው ቡፕረኖርፊን በአሜሪካ ከ16 ዓመት ጀምሮ ተፈቅዷል። ከሱሱ ጋር ያለው ድብርት ወይም የትኩረት ማነስ ግን በራሱ ይታከማል፤ ይህ ሲታከም የሱሱም ሸክም ይቀላል። ሆስፒታል መግባት የግድ የሚሆንባቸው ጊዜያትም አሉ፤ በየቀኑ ብዙ ይጠጣ የነበረ ልጅ በድንገት ሲያቆም የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ወይም የሚጥለው ከሆነ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ከሆነ፣ ትራማዶል ወስዶ አተነፋፈሱ ከቀነሰ ወይም ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ የነገ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጸበልን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ወደ እኔ የሚመጡ ብዙ ቤተሰቦች መጀመሪያ እዚያ ነው የሚሄዱት። ማሙሽም ከእኔ ጋር ከተገናኘን በኋላ ከአክስቱ ጋር እንጦጦ ማርያም 14 ቀን ተጠምቆ ተመልሷል። ሂድም አትሂድም አላልኩትም። ለእምነቱ ያለው ዋጋ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ በሙያዬ ዓይን ያየሁት ግን ሌሊት በጊዜው ተኝቶ፣ በጠዋት ተነሥቶ፣ ከጫት ቤቱ ርቆ፣ ከሚወደው ሰው ጋር ሁለት ሳምንት መቆየቱን ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የለመንኳቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ እንዳያቋርጥ፣ ደግሞም በሰንሰለት እንዳይታሰር። ከሰፈሩ የራቀ ልጅ ሲመለስ ያንኑ በርና ያንኑ 10 ሰዓት ያገኛል፤ ስለዚህ ከጸበል በተመለሰ ማግስት እኔ ዘንድ እንዲመጣ ቀጠሮ ያዝንለት።

ይህ ሁሉ ቤት ላለው ልጅ ነው። መንገድ ላይ ማስቲሽ በጠርሙስ ይዘው ለሚስቡት ልጆች የማወራው ስለ እራት ሰዓት ቢሆን ያሾፉብኛል። እነሱ የሚስቡት ረኀብንና ብርድን ለመርሳት ነው፤ ሙጫው ደግሞ አንዳንዴ ልብን በድንገት ሊያቆም የሚችል መርዝ አለው። ለእነሱ ሕክምናው የሚጀምረው ከማደሪያና ከምግብ ነው፤ ሌላው ቀጥሎ ይመጣል።

ማሙሽ ከሰባት ሳምንት በኋላ ወደቀ። የፋሲካ ማግስት ነበር። እናቱ ሌሊት ደውለው «ሲስተር፣ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ» ሲሉኝ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ስልክ ከብዙ እናቶች ተቀብያለሁ። በአሜሪካ 600 ወጣቶችን ያሳተፈና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጋንጃ ሕክምና ጥናት አምስት የተለያዩ ዘዴዎችን አወዳድሮ ነበር፤ በሁሉም መሻሻል ታይቷል፣ ከዘዴዎቹ መካከል ግን አንዱ ሌላውን በግልጽ አልበለጠም፣ ብዙዎቹ ልጆችም ከማቆም ወደ መጠቀም፣ ከመጠቀም ወደ ማቆም ተመላልሰዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ዘዴ ከመምረጥ ይልቅ ልጁን ሳይለቁ መቆየት እንደሚበልጥ ነው። በማግስቱ ማሙሽ ሲመጣ እንደገና ወረቀት አወጣን። በዓሉን የአጎቱ ልጆች ጋ አሳልፏል፤ ድግሱ ላይ ጠጅ ነበር፣ ከጠጁ በኋላ ጫት መጣ። በፊት ከጫት ወደ መጠጥ ይሄድ የነበረው መንገድ አሁን ተገልብጧል። ይህን አውቀን ለቀጣዩ ድግስ ምን እንደሚል፣ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ በስንት ሰዓት እኅቱ እንደምትደውልለት ጻፍን። ሰባቱን ሳምንት ግን አልሰረዝናቸውም፤ ቀን መቁጠሪያው ላይ እንደተከበቡ አሉ።

ስለ ትምህርት ቤቶች የማቀርበው ቅሬታ አለ። ጫት ቅሞ የተያዘን ተማሪ ማባረር የተለመደ ቅጣት ነው፤ ልጁን ከጠዋቱ ነጥቆ ቀኑን ሙሉ ለጫት ቤቱ ማስረከብ ማለት ነው። ማሙሽ የሚማርበት ትምህርት ቤት ሊያባርረው ደርሶ ነበር፤ እኅቱና እኔ ሄደን ተነጋገርን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለፈው ወደ ቤት እንዳይመለስ ይልቁንም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሁለተኛውን እንዲጠብቅ ተስማሙ። በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ ማሙሽ አረቄውን የገዛው ግን ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ሱቅ ነው፣ ዕድሜውን የጠየቀው ሰውም የለም። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና ከ16 ዓመት ወጣቶች መካከል 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወረደ። ለውጡን ያመጣው ማስፈራሪያ ፖስተር አልነበረም፤ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት በስፖርትና በሙዚቃ መሙላት፣ የወላጆች እርስ በርስ ስምምነትና የማታ ሰዓት ገደብ ነበር። ያም የ10 ሰዓት ጉዳይ ነው፤ እኛ ሰፈር ያንን ሰዓት የሚሞላው እስካሁን ጫት ቤቱ ነው።

አሁን ስምንተኛ ወራችን ነው። ማሙሽ ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ቅሟል፣ ራሱ ነው የነገረኝ። አረቄውን ከጠጣ አራት ወር አልፏል። ሒሳቡ አሁንም ደካማ ነው። አባቱ ቤት ውስጥ አይቅሙም፤ መንገድ ላይ ይቅማሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ እናቱ መስለውኝ ነበር፣ እሱ ነው።

«ሲስተር፣ ረቡዕ መምጣት አልችልም። ቲቶሪያል አለኝ።»

«በስንት ሰዓት?»

«በ10።»

ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ አዛወርኩለት።